የማድ ቤት ጥራጊን ወደ አፈር ስለ መመለስ

ጠዋት ከተከራየንበት ግቢ በር ላይ የሚቆመውን የቆሻሻ ጆንያ ፈትቶ ያየ ሰው የሚያገኘው ይህን ነው፤ የድንችና የሽንኩርት ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የሙዝ ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የእንቁላል ቅርፊት፣ እሑድ ቡና ሲፈላ ተጎዝጉዞ ሰኞ የተጠረገ ሣር፤ በእነዚህም መካከል እዚህና እዚያ ፌስታል። ጠርሙሱንና ቆርቆሮውን ቀድሞ ቆራሌው ገዝቶታል። ፌስታሉን ለይተን ብናወጣው የቀረው ሁሉ ትናንት ከአፈር የወጣ ነው፤ ወደ አፈርም ሊመለስ ይችል ነበር። ግን አይመለስም። በጆንያ ታስሮ፣ በጋሪ ተገፍቶ፣ ከዚያም በመኪና ተጭኖ ከከተማው ዳር ይከመራል።

የአዲስ አበባ ሰው ያንን ክምር «ቆሼ» ይለዋል። በረጲ ሰፈር በ1950ዎቹ ዓ.ም. የተከፈተ የቆሻሻ መጣያ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ የክምሩ አንድ ወገን ተንዶ ከግርጌው ተጠግተው የሚኖሩትን ሰዎች ከነቤታቸው ቀበራቸው። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ይህ ሁሉ የሆነው በድንች ልጣጭ ምክንያት ነው ልንል አንችልም። ነገር ግን ከአዲስ አበባ ቤቶች ከሚወጣው ቆሻሻ ከግማሽ የሚበልጠው የሚበሰብስ ነገር መሆኑ የታወቀ ነው። ይህ ነገር አየር አጥቶ ሲታፈን ሚቴን የሚባለውን የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል፤ ውሃውም ወደ ታች እየሰረገ ክምሩን ያረጥበዋል። በ2010 ዓ.ም. እዚያው ረጲ ላይ ቆሻሻ እያነደደ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያመነጭ ፋብሪካ ተመርቋል፤ ሆኖም እርጥብ ልጣጭ መልካም ማገዶ እንዳልሆነ ምድጃ አጠገብ ያደገ ሁሉ ያውቃል። እሳቱ አስቀድሞ ውሃውን ማትነን አለበት።

እንግዲህ ሊደረግ የሚችለው አንድ ነገር የሚበሰብሰውን ከማይበሰብሰው በዚያው በማድ ቤት ለይቶ እዚያው ግቢ ውስጥ አፈር ማድረግ ነው። ይህን የምንጽፈው እኛ የሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ነን። ስለ ግብርና ለማስተማር የተሾምን አይደለንም። ነገር ግን ሁለት ጊዜ ተሳስተን በሦስተኛው የተሳካልንን ብንናገር አንባቢው ከእኛ ስሕተት ይድናል በማለት ደፈርን።

የመጀመሪያው ስሕተታችን ጉድጓድ ነበር። በሐምሌ ወር ከጓሮው ጥግ ወገብ የሚደርስ ጉድጓድ ቆፍረን የማድ ቤቱን ልጣጭ ሁሉ በየቀኑ ጨመርንበት፤ የተረፈ ሽሮ፣ አንድ ጊዜም የዶሮ አንጀት ሳይቀር። ዝናብ እንዳይገባበት ብለን ላስቲክ አለበስነው። በሦስተኛው ሳምንት ዝንቡ መኝታ ቤት ደረሰ፤ ሽታውም የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ሆነ። የቤቱ ባለቤት እማማ የነጠላቸውን ጫፍ አፍንጫቸው ላይ ይዘው መጡና፣

«ልጆቼ፣ የሞተ ነገር ቀብራችኋል እንዴ?» አሉን።

«ኧረ የለም እማማ፣ ማዳበሪያ እየሠራን ነው።»

«እኔ ያደግሁት ገጠር ነው። ፍግ እንዲህ አይሸትም። ቅዳሜ ሳይደርስ ይህን ጉድ አውጡልኝ።»

አወጣን። ማውጣቱ ከመቆፈሩ ይልቅ እጅግ የከፋ ሥራ እንደ ነበር ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። ግን እማማ እውነታቸውን ነበር፤ በደንብ የተሠራ ብስባሽ አይሸትም። ሽታ ካለ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። ምን እንደ ተበላሸ ለመረዳት ወደ መጻሕፍት ቤት ሄድን።

ልጣጩን አፈር የሚያደርጉት በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎችና የሻጋታ ወገኖች ናቸው። እነዚህም በሁለት ይከፈላሉ። አንዱ ወገን እንደ እኛ አየር ይፈልጋል፤ ምግቡን አጣርቶ ይጨርሳል፤ የሚያወጣውም ሙቀት፣ ውሃና ሽታ የሌለው ጋዝ ነው። ሌላው ወገን አየር በሌለበት ይኖራል፤ ሥራው ዘገምተኛ ነው፤ የሚያወጣውም ሚቴንና ያ የእንቁላል ሽታ ነው። እኛ በጉድጓዳችን፣ በውሃውና በላስቲኩ የመጀመሪያውን ወገን አፍነን ገድለን ሁለተኛውን ጋብዘናል። ትንሽ ቆሼ በጓሯችን ሠርተን ነበር ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ጉድለት የምግቡ ሚዛን ነው። ረቂቅ ሕያዋኑ ለጉልበት ካርቦን፣ ለሰውነታቸው መሥሪያ ናይትሮጅን ይሻሉ። የሚመከረው መጠን ለአንድ እጅ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ነው። ይህን ደግሞ በማድ ቤት ማንም አይመዝነውም፤ ስለዚህ በስፍር የሚሠራበት ደንብ ለአንድ ጣሳ እርጥብ ነገር ሁለት ወይም ሦስት ጣሳ ደረቅ ነገር ነው። እርጥብ የምንለው ልጣጩን፣ የጎመን ቅጠሉን፣ አዲስ የታጨደውን ሣር፣ የላሟን እበት ነው። ደረቅ የምንለው የረገፈ ቅጠል፣ ገለባ፣ ሰጋቱራ፣ የተቀደደ ካርቶንና ጋዜጣ ነው። የቡና አተላ መልኩ ቡናማ ቢሆንም ናይትሮጅን ስላለው ከእርጥቡ ወገን ይቆጠራል፤ ይህን ሳናውቅ ብዙ ጊዜ እንደ ደረቅ ስንጨምረው ነበር። የእሑዱ ሣር ደግሞ በተጎዘጎዘ ዕለት እርጥብ ነው፤ ፀሐይ ላይ ከሰነበተ ደረቅ ይሆናል። በቤታችን ከሁሉ የሚያንሰን ደረቁ ስለሆነ ጆንያ ሙሉ ቅጠል ሰብስቦ ከዝናብ ጠብቆ ማስቀመጥ የሥራው ግማሽ ነው እንላለን።

በመስከረም፣ ዝናቡ ሲቆም እንደገና ጀመርን። በዚህ ጊዜ ከመሬት በላይ ነው። አራት ችካል ተክለን፣ አየር እንዲገባ ክፍተት እየተውን ዙሪያውን በቀርከሃ አጠርነው፤ ወርዱም ቁመቱም አንድ ሜትር ያህል። ከሥር ቀጫጭን ጭራሮ፣ ከዚያ ደረቅ ቅጠል፣ ከዚያ ልጣጭ፣ ከጎረቤት የለመንነው እበት፣ አንድ እፍኝ የጓሮ አፈር፣ እንደገና ደረቅ ቅጠል፤ እንዲህ እያደራረብን እስከ ላይ ደረስን። ልጣጩን አጠራቅመን በአንድ ቀን ብዙ መደረባችን ጠቀመን፤ ክምሩ አንድ ሜትር ኩብ ካልሞላ ሙቀቱን መያዝ አይችልምና። በአራተኛው ቀን ብረት ሰክተን ጥቂት ቆይተን አውጥተን ብንነካው እጅ ያቃጥላል። ደህና የተሠራ ክምር ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። 55 ዲግሪ ላይ ጥቂት ቀናት ከቆየ የአረም ፍሬና አብዛኛው የበሽታ ተሕዋስ ይሞታል። ሙቀቱ ሲወርድ በአካፋ ገልብጦ የውጭውን ወደ ውስጥ ማግባት ነው፤ አየር ሲያገኝ እንደገና ይሞቃል። እንዲህ እየተገለበጠ በሦስት ወር ገደማ ይደርሳል። መገልበጥ የሰለቸው ሰው ቢተወውም ይበሰብሳል፤ ግን ዓመት ሊፈጅ ይችላል።

የውሃውን ልክ ማወቂያው እጅ ነው። ከመካከሉ አንድ እፍኝ ወስዶ መጭመቅ፤ ታጥቦ እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ሆኖ አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ከወጣው ደህና ነው። ውሃ ከፈሰሰው ደረቅ ቅጠል ይጨመርበት፤ ከተበተነ ውሃ ይረጭበት። በአገራችን በጋውና ክረምቱ ስለሚለያዩ ይህ ዋና ነገር ነው። በክረምት ከላይ መክደን፣ ግን ጎኑን ክፍት መተው፤ በበጋ ደግሞ የዕቃ እጣቢ ማፍሰስ፤ ሳሙናና ዘይት የሌለበት እጣቢ ከሆነ ነው።

የማይጨመረውም እንደዚሁ መታወቅ አለበት። ሥጋ፣ ስብ፣ አጥንትና ወተት አይጥና ውሻ ይጠራሉ። የውሻና የድመት ኩስ በሽታ ያመጣል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይቱ ሌላውን ተክል የሚጎዳና ለመበስበስም ዘገምተኛ ስለሆነ ጥቂት ካልሆነ አይመከርም፤ አዲስ አበባ ውስጥ በቀላሉ የሚገኘው ቅጠል እርሱ መሆኑ ያሳዝናል። የከሰል አመድ በእፍኝ እንጂ በባልዲ አይደለም። የጫት ገረባ እንጨት ስለሆነ ተከትክቶ ከሥር ይነጠፋል። እንጀራ ብዙ ጊዜ እስከ ክምሩ አይደርስም፤ ድርቆሽ ይሆናል ወይም ዶሮ ይበላዋል፤ የሻገተው ብቻ ከመካከሉ ይቀበራል። አንድ ነገር ደግሞ አስተዋልን፤ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ውስጥ ሥራው ይቀልላል። ቅባትና ሥጋ የሌለበት ማድ ቤት ጥራጊው ሁሉ ለክምር የተዘጋጀ ነው። ትንሣኤ ሲደርስ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ «ይህ የውጭ አገር ሰው ብልኀት ነው» የሚል ሰው ስለማይጠፋ ጥቂት እንበል። ስለ ብስባሽ በዘመናችን ሳይንስ ከሚጠቀሱት አንዱ እንግሊዛዊው አልበርት ሃዋርድ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1924 ጀምሮ በሕንድ አገር በኢንዶር ሆኖ የደራረበው ክምር በስሙ ሳይሆን በከተማይቱ ስም «የኢንዶር ዘዴ» ተብሏል። ግን ሃዋርድ ራሱ ከሕንድ ገበሬዎች መማሩን አልሸሸገም። በእኛም አገር ጉራጌ ወይም ሲዳማ የሄደ ሰው እንሰቱ ከቤቱ ዙሪያ ለምን እንደሚተከል ያያል፤ የከብቱ ፍግና የቤቱ ጥራጊ በየቀኑ ወጥቶ የሚወድቀው ከሥሩ ነው፤ እንሰቱም በዚያው መሬት ላይ ትውልድ አልፎ ትውልድ ይቀጥላል። በሰሜን ደግሞ ማገዶ ሲጠፋ እበቱ ኩበት ሆኖ ይነዳል፤ ለአፈሩ የሚገባው በጢስ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1996 ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ ከትግራይ ገበሬዎች ጋር ብስባሽ የመሥራት ሙከራ ጀመሩ። ለብዙ ዓመት ምርቱ ሲለካ ብስባሽ የገባበት ማሳ ምንም ካልገባበት እጅግ የበለጠ፣ የፋብሪካ ማዳበሪያ ከገባበትም የማያንስ ሆኖ ተገኘ። ይህ የገጠሩ ነው። የከተማው ሰው ግን ከገጠር የመጣውን ጎመን በልቶ ግንዱን ቆሼ ይሰዳል፤ አፈሩ ከገበሬው ማሳ ይወጣል፣ አይመለስም።

አሁን ወደ ትሉ እንምጣ። ግቢ የሌለው፣ በአንዲት ክፍል የሚኖር ተማሪ ሜትር ኩብ ክምር ከየት ያመጣል? ለእንዲህ ያለው ሰው የምድር ትል በሣጥን ማርባት ይቻላል።

የምድር ትልን ቻርልስ ዳርዊን የመጨረሻ መጽሐፉን ጽፎለታል፤ እ.ኤ.አ. በ1881፣ ሊሞት ጥቂት ወራት ሲቀሩት። በእንግሊዝ አገር በብዙ ስፍራ ትሎች በአንድ ኤከር መሬት ላይ በዓመት ከ10 ቶን በላይ አፈር ከሥር ወደ ላይ እንደሚያወጡ ገምቷል። ለእኛ ለሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ግን ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀን ሌላው ሙከራው ነው። ትሎቹን በአፈር ዕቃ ቤቱ አስገብቶ ፉጨት ተፋጨላቸው፣ ባሱን የተባለው የሙዚቃ መሣሪያ ተነፋላቸው፣ ፒያኖ ተመታላቸው፤ ምንም አልመሰላቸውም። ዕቃውን ፒያኖው ላይ አስቀምጦ ቁልፉን ሲመታ ግን በንዝረቱ ደንግጠው ወደ ጉድጓዳቸው ገቡ። ጆሮ የላቸውም፤ በሰውነታቸው ይሰማሉ። ዓይንም የላቸውም፤ ብርሃንን ግን ይሸሻሉ። ሳንባ ስለሌላቸው በቆዳቸው ይተነፍሳሉ፤ ቆዳው ከደረቀ ታፍነው ይሞታሉ። ጥርስ የላቸውም፤ እንደ ዶሮ ባለ መፍጫ በአሸዋ ይፈጫሉ። እያንዳንዱ ትል ወንድም ሴትም ነው፤ ለመራባት ግን ሁለት ያስፈልጋሉ። አንዱን ትል ለሁለት ቢቆርጡት ሁለት ትል ይሆናል የሚባለው ወሬ ሐሰት ነው።

ሁለተኛው ስሕተታችን እዚህ ላይ ነው። «ትል ትል ነው» ብለን ከጓሮው ቆፍረን ሃያ የሚሆኑ ወፋፍራም ትሎች በሣጥን አገባን። ሲነጋ ግማሾቹ በበሩ ሥር አምልጠው ሊወጡ ሲሉ ደርቀው አገኘናቸው፤ አንዱ ከጫማ ውስጥ። የቀሩትም ሳምንት አልቆዩም። ኋላ እንደ ተረዳነው የምድር ትል ዓይነቱ ብዙ ነው። አንዳንዱ ጥልቅ ጉድጓድ የሚቆፍርና አፈር የሚበላ ነው፤ ይህ በሣጥን አይኖርም። ሌላው ከላይ፣ በፍግና በበሰበሰ ቅጠል ውስጥ የሚኖር ቀጭን ቀይ ትል ነው። ለዚህ ሥራ በዓለም ሁሉ የታወቀው ቀዩ ትል ኤይሴኒያ ፌቲዳ ይባላል፤ በአገራችንም በግብርና ምርምር ሰዎችና ከእነርሱ በወሰዱ ገበሬዎች ዘንድ ይረባል። እኛም ሁለት እፍኝ ያገኘነው ከሚያረባ ገበሬ ነው።

ሣጥኑ ከጥልቀቱ ይልቅ ስፋቱ ይሻላል፤ ትሎቹ ከላይ ስለሚኖሩ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይበቃል። የእኛ የቲማቲም ሣጥን ነው፤ ክፍተቱን በማዳበሪያ ጆንያ ሸፍነነዋል። ከሥሩና ከጎኑ ቀዳዳ ይሁንለት፤ ከሥሩ ሰፌድ የመሰለ ነገር ይቀመጥለት። መኝታቸው የተቀደደ ጋዜጣና ካርቶን ነው፤ በውሃ ተነክሮ ይጨመቃል፤ አንድ እፍኝ አፈር ለመፍጫቸው ይጨመራል። የፈተና ወረቀታችንም ለዚህ አገልግሏል፤ ትሎቹ በውጤቱ ላይ አስተያየት አልሰጡም።

ትሎቹ ከገቡ በኋላ ሳምንት ያህል ጥቂት ብቻ መመገብ ነው። ችኩል ሰው የሚገድላቸው በርኅራኄ ነው፤ ብዙ ምግብ ይጥልላቸዋል፣ ምግቡ ይሞቃል፣ ይኮመጥጣል። አንድ ኪሎ ትል ከለመደ በኋላ በቀን እስከ ግማሽ ኪሎ ሊበላ ይችላል፤ ሁለት እፍኝ ትል ግን የአንድ ተማሪን የሽንኩርት ልጣጭ እንኳ መጀመሪያ ላይ አይጨርስም። ያለፈው ሳይበላ አዲስ አይሰጥ። ልጣጩን ከትፎ፣ ከወረቀቱ ሥር መቅበር፤ እንዲያ ሲሆን ዝንብ አይመጣም። ሎሚና ብርቱካን ኮምጣጣ ስለሆኑ በብዛት አይወዱም። ወጥ ፈጽሞ አይሰጣቸውም፤ ጨውና በርበሬ በቆዳው ለሚተነፍስ ፍጡር ምን እንደሆነ አንባቢው ያስበው። የቡና አተላ ግን በልክ ሲሆን ይስማማቸዋል።

የሚመቻቸው ሙቀት ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ነው። የአዲስ አበባ አየር ለዚህ እንደ ተሠራ ነው ማለት ይቻላል፤ ድሬዳዋ ያሉ ወንድሞቻችን ግን ጥላና እርጥብ ጆንያ ያስፈልጋቸዋል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ በረንዳ ፀሐይ ላይ አይቀመጥ፤ 35 ዲግሪ ካለፈ ይሞታሉ። በተመሳሳይ ምክንያት ከሚሞቀው ትልቅ ክምር ውስጥ ትል መጨመር እሳት ላይ መጣል ነው፤ ክምሩ ከበረደ በኋላ ግን ራሳቸው ይመጣሉ።

በሦስት በአራት ወር ወረቀቱም ልጣጩም ጠፍቶ እንደ ቡና ዱቄት ያለ ጥቁር አፈር ይቀራል። ለመለየት ፀሐይ ላይ ባለ ላስቲክ ላይ እንደ ቁልል ማፍሰስ ነው፤ ትሎቹ ብርሃኑን ሸሽተው ወደ ታች ይወርዳሉ፣ ከላይ እየቀረፉ መውሰድ፣ ጥቂት ቆይቶ እንደገና መቅረፍ። ከሥር የትል ጉብታ ይቀራል፤ እርሱ ወደ አዲስ መኝታ ይመለሳል። የትሉ አፈር ብርቱ ስለሆነ ለብቻው አይተከልበትም፤ አንድ እጅ ከሦስት ወይም ከአራት እጅ ተራ አፈር ጋር ይደባለቃል።

በየሳምንቱ ጋሪ እየገፋች ጆንያችንን የምትወስደው የማኅበሩ ሠራተኛ ባለፈው ወር ጆንያውን በአንድ እጇ አንሥታ፣ «ምነው፣ አገር ቤት ሄዳችሁ ነበር እንዴ?» አለችን። ከባዱ ነገር ለካ እርጥቡ ኖሯል፤ እርሱን ተሸክማ ዳገቱን ስትወጣ የኖረችው እርሷ ናት። እማማም ከትሉ አፈር ለጤና አዳማቸው አንድ ጣሳ ወስደዋል፤ ጉድጓዱን ግን እስካሁን አልረሱትም፤ እንግዳ ሲመጣ ያወሩታል።

ትሎቹ በዝተዋል። አንድ እፍኝ የሚፈልግ አንባቢ ክዳኑ የተበሳ ቆርቆሮና ጥቂት እርጥብ ጋዜጣ ይዞ ይምጣ። ላስቲክ ይዞ የመጣውን ግን ባዶውን እንመልሰዋለን።